ጎንደር ሆኖ ደባርቅ ያለን ታካሚ ማከም፦ ኦኩፔሽናል ቴራፒን በስልክና በቪዲዮ ለመስጠት ዝርዝር መመሪያ

የእኛ የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ሥራ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ሰው ቤት ውስጥ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ከመደብ እንዴት ይነሳል፣ ጋቢውን በአንድ እጁ እንዴት ይደርባል፣ እናት ልጇን እንዴት ታጎርሳለች፣ ሽንት ቤት ማን ያደርሰዋል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማለት ይኸው ነው። ሥራውን የምንሠራው ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ የብረት መደገፊያና ከፍታው የሚስተካከል አልጋ ባለበት ክፍል ነው። ታካሚው ከአይከል፣ ከመተማ፣ ከጠለምት ይመጣል። ደባርቅ እንኳ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለውን ሰው ሚኒባስ ላይ ማሳፈር፣ ከአስታማሚ ጋር የማደሪያና የምግብ ወጪ መቻል፣ በመሀል መንገድ ሲዘጋ መጉላላት አለ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተው ይቀራሉ። የሚቀሩት መታከም ስለማይፈልጉ አይደለም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ባለሙያው ገና ጥቂት ነው፣ አገሩ ደግሞ ሰፊ። የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ሕክምናውን በርቀት መስጠት ተገቢ መንገድ መሆኑን በ2014 እ.ኤ.አ. በአቋም መግለጫው አስታውቋል፤ መግለጫውንም በ2021 አድሶታል። በኮቪድ ጊዜ በየአገሩ በስክሪን ለመሥራት የተገደዱ ባልደረቦቻችን ከተናገሩት ውስጥ ሁለቱ እኛም ዘንድ በየቀኑ ይታያሉ። አንደኛው፣ ታካሚን በእጅ ዳስሶ አለማየት ይከብዳል። ሁለተኛው፣ ክሊኒክ ውስጥ ፈጽሞ የማይታየው የሰውየው ቤት በስልክ ይታያል። ይህ መመሪያ የቆመው በሁለተኛው ላይ ነው። የክሊኒኩን ስፖርት ወደ ስልክ ገልብጦ የሚያሠራ ሰው ብዙም አይጠቅምም። ቤቱን፣ የቤቱን ዕቃና አስታማሚውን ይዞ የሚሠራ ግን ለውጥ ያያል።

1. ማን በስልክ እንደሚታከም መለየት

የመጀመሪያው ምርመራ የሚቻል ከሆነ ሁሌም በአካል ይሁን። የጡንቻውን መገታተር፣ የትከሻ መገጣጠሚያው ወርዶ እንደሆነ፣ የቆዳውን ስሜት በካሜራ መለየት አይቻልም። ለእጅ የሚታሰር መደገፊያ (ስፕሊንት) መሥራትና ለዊልቸር ልክ መውሰድም እንደዚሁ ነው፤ ልኩ የተሳሳተ ዊልቸር ቁስል ያመጣል። መምጣት የማይችል ሰው ከሆነ በቅርቡ ባለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ፣ ካልሆነም የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከታካሚው አጠገብ ሆና እናንተ በስልክ እየመራችሁ ምርመራው ይሠራ። እሷ የቤተሰቡን ቋንቋና ጠባይ ታውቃለች፤ በኋላም ትከታተልላችኋለች።

በርቀት ጥሩ የሚሄዱት አለባበስ፣ አመጋገብ፣ የቤት ውስጥ ሥራ፣ ቤትን ማመቻቸት፣ ጉልበትን መቆጠብ፣ ለልጆች ጨዋታና አቀማመጥ፣ ለአስታማሚ የሚሰጥ ሥልጠና ናቸው። ሲውጥ የሚያስለውና የሚያንቀው ሰው፣ የተከፈተ የአልጋ ቁስል ያለበት፣ አጠገቡ የሚረዳው አዋቂ የሌለ ሰው በስልክ ብቻ አይያዝ።

2. አስታማሚን ማሠልጠን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምላችሁ ይህን ነው፤ በርቀት ስንሠራ እጃችን አስታማሚዋ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ወይም ሚስት ነች፤ ከሥራዋ፣ ከትምህርቷ ቀርታ የምታስታምም። ታካሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት፣ እናንተው ፊት፣ በገዛ እጇ እንድትሠራ አድርጉ። ስታብራሩላት «ገባኝ» ማለቷ አይበቃም።

ሦስት ነገር ሳታውቅ አትሂድ። የመጀመሪያው፣ የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት ወይም ብብት ውስጥ ገብቶ ማንሳት ትከሻውን ይጎዳል፤ በወገብ በኩል ነው የሚታገዘው። ሁለተኛው፣ ሲለብስ የደከመው እጅ ይቀድማል፣ ሲያወልቅ ጤነኛው ይቀድማል። ሦስተኛው፣ ቆዳን ማየት ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ታፋው፣ ተረከዙ፣ ከወገቡ በታች ያለው አጥንት በየማታው ይታይ፤ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ሲጫኑት መልኩ የማይለወጥ ቆዳ ካለ በዚያው ቀን ይደወል።

ከሦስቱም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ መታገሥ። በእኛ አገር የታመመ ሽማግሌ ከሸሚዙ ጋር ሲታገል ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ልጅቱ አይሆንላትም፣ ሮጣ ታለብሰዋለች። ፍቅር ነው፤ ግን የደከመው እጅ ሥራ የሚለማመድበትን ዕድል ይወስድበታል። ይህን ለአስታማሚዋ ብቻ በጆሮዋ አትንገሯት፤ አባት ባሉበት ተናገሩ። «አባባ፣ አንቱ ራስዎ ይሞክሩት፤ እሷ አጠገብዎ ትቁም እንጂ እጇን አትስደድ። ሲከብድዎ ‹ልጄ አግዢኝ› ይበሉ፣ ያኔ ታግዝ» ቢባል ትእዛዙ ከባለሙያ መጥቷልና ልጅቱም ካሳቀቃት ነገር ትገላገላለች፤ አባትም ክብራቸው አይነካም። ጎረቤት ቢወቅሳት እንኳ «ሐኪሙ ነው ያለው» የምትልበት መልስ አላት።

3. ፈቃድና ምስጢር

ታካሚው በስልክ ለመታከም መስማማቱን፣ ቪዲዮ ይቀረጽ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያየው በግልጽ ጠይቃችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። የታካሚ ቪዲዮ በግል ስልካችሁ ጋለሪ ውስጥ ከሠርግና ከልደት ፎቶ ጋር መቀመጥ የለበትም። ቴሌግራም የተላከለትን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጋለሪ የሚያስቀምጥበትን ማስተካከያ አጥፉት። የቴሌግራም ተራ የጽሑፍ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ የዋትሳፕ ግን ነው። ስለዚህ ገላን የሚያሳይ ነገር በቴሌግራም ተራ መልእክት እንዲላክ አታድርጉ።

ገላ መታጠብና ሽንት ቤት መጠቀም በካሜራ አይታይም፤ ማየትም አያስፈልግም። ታካሚዋ ልብሷን እንደለበሰች ከወንበር ወደ ወንበር ስትዛወር ብታሳያችሁ ይበቃል፤ ሌላው በቃል ይጠየቃል። ሴት ታካሚ ሴት ባለሙያ ከፈለገች ይመቻችላት።

ሌላው፣ ስልክ ሲከፈት ጎረቤት ይሰበሰባል። ልጠይቅ የመጣ ሰው «ውጣ» አይባልም። ከቤተሰቡ ጋር አስቀድማችሁ ሰዓት ተነጋገሩ፤ ጥሪው እንደተጀመረ «አሁን ማን ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ሽንት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሐዘን የሚጠየቀውን ለመጨረሻ፣ ስፒከሩ ጠፍቶ ታካሚው ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ አቆዩት።

4. ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራ እቅድ

ኢንተርኔት አለ ብሎ ብቻ የተሠራ እቅድ እዚህ አገር አያዛልቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ በክልላችን በአማራ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታካሚ ሦስት እርከን ይኑራችሁ፦ ቪዲዮ ኮል፤ ቪዲዮው ካልሰመረ ቤተሰቡ ቀርጾ የሚልከው አጭር ቪዲዮና ከእናንተ የሚመለስ የድምፅ መልእክት፤ ኢንተርኔት ጨርሶ ከሌለ ተራ የስልክ ጥሪ። ለሦስተኛው እርከን እንዲሆናችሁ ከሆስፒታል ሲወጣ በሥዕል የተደገፈ ወረቀት ስጡት። «ሥዕል 2 ላይ ያለውን አሁን ይሥሩ» ብትሉት በቁልፍ ስልክም ቢሆን ሥራው ይሄዳል። ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕል ያነባል።

እኔ ተቀርጾ የሚላከውን ቪዲዮ ከቀጥታው ጥሪ አስበልጣለሁ። ቀስ አድርጌ፣ ደጋግሜ ማየት እችላለሁ፤ ታካሚውም የሐኪም ዓይን ሳያስጨንቀው እንደ ወትሮው ይንቀሳቀሳል። ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ፣ አንድ ሥራ ብቻ፣ ከጎን በኩል የተቀረጸ ይሁን በሏቸው። ረጅም ከሆነ ዳታውንም ይጨርሳል፣ አይላክምም።

ስለ ካሜራው፦ ብዙ ቤት ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ታካሚው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ፣ ስልኩ በበሩ በኩል ይሁን። ተቃራኒው ከሆነ የምታዩት ጥላ ብቻ ነው። የምታስታምመው ሰው ስልክ አትያዝ፤ እጇ ለድጋፍ ነጻ ይሁን። ታዳጊ ልጅ ይያዘው፣ ከሌለ ወንበር ላይ በወገብ ከፍታ ከአንድ ነገር ጋር ይደገፍ። ስልኩ በጎኑ ይጋደም፤ እግርም ራስም አብረው እንዲታዩ።

ቀጠሮ ስትይዙ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙበትን፣ ጁምዓ የሚሰገድበትን፣ ገበያ የሚዋልበትን ቀን ጠይቁ። በጾም የሚውል ሰው ከሰዓት በኋላ አቅም የለውም፤ ጠዋት ይሻላል። መደወል ያለበት ደግሞ ሆስፒታሉ ነው፤ የሞባይል ካርድ ወጪ በታካሚው ላይ ሲወድቅ ጥሪው ከሁለተኛው ሳምንት አያልፍም።

5. ግቡን ከታካሚው አፍ መውሰድ

የካናዳ የሥራ አፈጻጸም መለኪያ የሚባለው መሣሪያ በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን በቃለ መጠይቅ ስለሚሠራ ለስልክ ይመቻል። ታካሚው የሚቸገርባቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉት ከ1 እስከ 10 ይሰጣል፤ ዋና ዋናዎቹን፣ ቢበዛ አምስት፣ መርጦ አሁን ምን ያህል እንደሚሠራቸውና ምን ያህል እንደረካ እንደገና ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። በኋላ ሲለካ የሁለት ነጥብ ለውጥ ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል። ቁጥር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ካሉ አሥር የባቄላ ፍሬ ዘርግተው «ስንቱን ይሰጡታል?» ተብለው ይቁጠሩ፤ አስታማሚዋ ታነብላችኋለች።

«ምን መሥራት ይፈልጋሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «መዳን ነው የምፈልገው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን በዚያ ላይ ሥራ አይጀመርም። ትናንት ከእንቅልፍ ተነስተው እስከሚተኙ ድረስ ያለውን ውሎ እንዲተርኩላችሁ ጠይቁ። «ጠዋት ልጄ ፊቴን አጠበችኝ» ሲሉ፣ «በራስዎ ቢታጠቡ ይወዳሉ?» ማለት ይቻላል። መቋሚያ ተደግፎ ቅዳሴ ማስቀደስ፣ ውዱእ ማድረግ፣ ቡና ማፍላት፣ ጥጥ መፍተል፤ ግቡ እንዲህ ያለ ይሁን።

ጠበልንም ጠይቁ። ብዙ ታካሚ በሕክምናው መሀል ጠበል ይገባል፤ ባለሙያው ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል፣ ስልኩም ይዘጋል። የት እንደሚሄዱ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ፣ የሚያጅባቸው ማን እንደሆነ በአክብሮት ጠይቁ። የግፊት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያለ ደጋፊ እንዳይቆሙ ተስማሙ። ቀጠሮውንም ለሚመለሱበት ቀን አዙሩት።

6. ጥሪው ላይ የሚሠራው፦ አንድ ምሳሌ በዝርዝር

ቀኝ ጎኗ በስትሮክ የደከመ፣ እንጀራ መጋገርን ግቧ ያደረገች እናት አለች እንበል። የቀኝ እጇ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን አይጨብጡም።

የመጀመሪያው ጥሪ እሳት የለበትም። ማድ ቤቱን ዞር ብላችሁ እዩ፤ ልጇ ስልኩን ይዛ ከበሩ እስከ ምጣዱ ትሂድ። ምጣዱ መሬት ላይ ነው ወይስ ከፍ ያለ ምድጃ ላይ? ሊጡ ያለበት ባልዲ የት ነው? አክንባሎው የሸክላ ነው ወይስ የቆርቆሮ? መቀመጫዋ ዝቅተኛ ዱካ ከሆነ መነሳት አትችልም፤ ሲቀመጡበት ጉልበትና ዳሌ እኩል የሚሆኑበት ከፍታ ያለው ወንበር ይፈለግ። ከዚያ የቆዳዋን ስሜት ፈትሹ፦ ዓይኗን ጨፍና፣ ልጅቱ በባዘቶ ጥጥ የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካች፣ እናትየዋ በተሰማት ቁጥር «አሁን» ትበል። ካልተሰማት ይህ እጅ ትኩስ ነገርን አይለይም ማለት ነው። ስለዚህ ጋገራው እስኪያልቅ ድረስ ቀኝ እጇ ከምጣዱ ራቅ ብሎ፣ ዓይኗ በሚያየው ቦታ፣ ጭኗ ላይ ወይም ከጎኗ ባለ በርጩማ ላይ ይቀመጣል።

በሁለተኛው ጥሪ ባዶ ጣሳ በግራ እጇ ይዛ ቀዝቃዛው ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሀል ታዙረው። ዕድሜዋን በቀኟ የጋገረች ሴት ግራዋ አቅጣጫው ይጠፋበታል፤ ይህ የሚጠበቅ መሆኑን ንገሯት። ቀጥሎ ጣሳው ውስጥ ትንሽ ውኃ ተጨምሮ ትሪ ላይ ትለማመድ፤ ክብደቱ ሲጨምር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከወጣ ወይም ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን ከጋደለ ውኃው ይቀነስ።

እነዚህ ሲሳኩ እሳት ይነሳ፤ ግን ሙሉ እንጀራ አይደለም፣ እንጎቻ ነው። እንጎቻ ሊጡ ጥቂት፣ ዙሩ አጭር ስለሆነ ለልምምድ ይመቻል፤ ሲወጣም ለልጅ የሚሰጥ ስለሆነ ደስ ይላታል። እሳቱን፣ አክንባሎውን መክደንና መክፈቱን፣ በሰፌድ ማውጣቱን ልጅቱ ትያዝ። አክንባሎ ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት ስሜት በሌለው እጅ ላይ ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ለእናትየዋ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፣ እሱም የቆርቆሮ አክንባሎ በጨርቅ በተጠቀለለ እጀታ ከሆነ። የእሷ ድርሻ በየሳምንቱ አንድ አንድ ይጨመር፤ ማሰስ፣ ማፍሰስ፣ መክደን። ሊጥ ማቡካት ጉልበት ስለሚጠይቅ ከጋገራው ቀን ጋር አይደራረብ።

እናንተ በዚህ ሁሉ መሀል ምን ታደርጋላችሁ? በአብዛኛው ዝም። ይህ ለኛ ከባድ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ እጃችን ቶሎ ይደርሳል። ስክሪን ላይ ግን ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳልና ሰውዬው እየተንቀሳቀሰ ሳለ መናገር ያደናግረዋል። ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፤ ሲጨርስ «ምን አስቸገርዎ?» በሉት፤ መፍትሔውን ከራሱ ወይም ከአስታማሚው አፍ ለማውጣት ሞክሩ። ቤተሰብ ራሱ ያገኘውን ዘዴ ነው ስልኩ ከተዘጋ በኋላም የሚሠራበት።

ለልጆችም አካሄዱ ያው ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር) ያለበት ልጅ ሲመገብ ጀርባው ቀጥ፣ ራሱ ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ያለ፣ እግሩ መሬት የረገጠ ይሁን፤ አንጋሎ ማጉረስ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል። እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ስታጎርስ በቪዲዮ ካያችሁ ወቀሳ አይሁን፤ ካርቶንና ጋቢ አምጥታ ማዕዘን ላይ መቀመጫ እንድትሠራለት እየመራችሁ አሠሩት። የጨዋታ ዕቃም ከቤት አይታጣም፤ ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ ቆርኪ፣ የሚለቀም ሽንብራ። ሽንብራው ልጁ አፉ ውስጥ የማይከት ከሆነ ብቻ።

7. የሚያስቆሙ ምልክቶች

ጥሪ ከመጀመራችሁ በፊት ታካሚው ያለበትን ትክክለኛ ቦታ፣ የሚቀርበውን ጤና ጣቢያና የሌላ የቤተሰብ አባል ስልክ ያዙ። አዲስ የፊት መጣመም፣ ድንገተኛ የንግግር መተብተብ፣ የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት፣ የአንድ እግር ማበጥ ከሕመም ጋር ካለ ልምምድ ይቁም፣ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከደረቱ አጋማሽ በላይ ባለው የአከርካሪ ክፍል ጉዳት የደረሰበት ሰው ድንገት ራሱን ከፈለጠው፣ ፊቱ ከቀላና ካላበው ቁጭ ይበል፤ ጠበቅ ያለ ልብስ ይላላ፤ የሽንት ቱቦው ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ። ቶሎ ካልተሻለው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ፤ የደም ግፊቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ደረጃ ሊደርስ ይችላል።

8. መመዝገብና መከታተል

እንደ ማንኛውም ሕክምና ካርድ ላይ ይጻፍ፦ ቀኑ፣ በቪዲዮ ወይስ በድምፅ፣ ማን አብሮ ነበር፣ ምን ተሠራ፣ ምን ተስማማችሁ፣ መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ። በእቅድ ከተያዙት ጥሪዎች መሀል በአካል የሚታይበትን ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ለሌላ ሕክምና ወደ ጎንደር ከሚመጣበት ቀን ጋር ካገናኛችሁት የመንገድ ወጪው አይደገምም። ለእናንተም፣ ጥሪ በጥሪ ላይ አትደርድሩ። ትንሿን ስክሪን አፍጥጦ እያዩ የሚቆራረጥ ድምፅ ማዳመጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከመሥራት የበለጠ ያደክማል፤ በመሀሉ ተነስታችሁ ማስታወሻችሁን የምትጽፉበት ጊዜ ይኑር።

በወር አንዴ ደግሞ አስታማሚዋን ለብቻዋ ደውሉላት። ታካሚው አጠገቧ ካለ እውነቱን አትናገርም። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሳ፣ ወገቧን ያማት እንደሆነ፣ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ማን እንደሚተካት ጠይቋት። ወገቧን ካመማት፣ አባቷን ከአልጋ የምታነሳበትን አኳኋን ወንድሟ ከጎን ቀርጾ ይላክላችሁና እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወደ ራሷ አስጠግታ እንድታነሳ አሳዩአት። የሚተካት ከሌለ፣ በሚቀጥለው ጥሪ ወንድምየውንም ከአልጋ ማንሳቱን እንዲለማመድ አስገቡት።